ለልጅ የገና ስጦታ ለማን ነው?

ኪስ ሲሳሳ «ምን ልግዛላቸው?» የሚለው ጥያቄ ይከብዳል። እኔ ግን ከዋጋው በፊት የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ የምገዛው ለእህቴ ልጆች ነው ወይስ «አጎታቸው ምን አመጣላቸው?» ለሚሉት?

ሞጣ ላደግን ልጆች ገና ማለት ታሽጎ የሚመጣ ዕቃ አልነበረም። የደረሰው አዲስ ልብስ ይለብሳል፤ ከዚያ ጫፉ ቆልመም ያለ በትር ይዞ ሩር ሲያሳድድ ይውላል። ጨዋታውም ስሙ ገና ነው። እረኞች የጌታን መወለድ ሲሰሙ በደስታ ተጫወቱት ይባላል። ሩር ብቻዋን ምንም አይደለችም፤ የሚመልስልህ ሰው ትፈልጋለች። በባትሪ የሚሄደው መኪና ግን ሰው አይፈልግም። አንዳንዴ የምንገዛውም ለዚሁ ይመስለኛል፤ ልጁ እኛን እንዳያስቸግረን።

«ዋናው ፍቅር ነው» የሚለውን ምክር ግን አልወደውም። ጓደኞቹ አዲስ ለብሰው እሱ በተቀደደ ሹራብ ለወጣ ልጅ ይሄ መልስ አይሆንም። ሹራቡ ካለቀ ሹራብ ይቅደም። ልጁን አይቶ የጎደለውን ማወቅም ስጦታ ነው።

ልብስ ካላቸው ደግሞ ኳስ፣ ወይም ደብተርና ከለር እመርጣለሁ። ዋጋው ቀላል ነው። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ታኅሣሥ 29 ከሰዓት ስልክ አስቀምጦ ኳሷን መመለስ። ብዙዎቻችን ከብሩ ይልቅ የምንሰስተው ይቺን ሰዓት ነው።