የተረሳ ሕመም

በአዊ ምድር በየዓመቱ ጥር 23 ፈረስ ይከበራል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓድዋ ከአባቶች ጋር የዘመተው ፈረስ ውለታ እንዳይረሳ በዓሉን ሲያከብር ኖሯል፤ የቆሰበር ከተማም ያን ጊዜ በፈረሰኞች ትደምቃለች። ለፈረስ ውለታ አለብን ማለት ፈረስ የሚማር፣ የሚፈራ፣ ፍርሃቱንም አሸንፎ የሚታዘዝ ፍጡር ነው ብሎ መመስከር ነው። ይህ ምስክርነት እስከ ቤተ ሙከራዋ አይጥ ድረስ መዝለቅ አለበት እላለሁ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የባህል መድኃኒት ዕፅዋት በአይጥ ይፈተሻሉና ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም።

የማስታወስ ችሎታን የሚያጠና ሰው ከሌላው ተመራማሪ የከበደ ጥያቄ አለበት። ተመራማሪው ሪቻርድ ሞሪስ አይጦችን በደፈረሰ ውሃ ገንዳ እያዋኘ የተሰወረውን መቆሚያ እንዲያስታውሱ አደረገ፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር እንዳሳየውም በአንጎል ውስጥ ኤንኤምዲኤ የተባለው ተቀባይ ሲታገድ አይጦቹ ቦታውን መማር ያቅታቸዋል። ኬታሚን የተባለው ማደንዘዣ የሚያግደውም ይህንኑ ተቀባይ ነው። እንግዲህ ማደንዘዣ ቢላዋውን ያስችላል እንጂ ትምህርቱን አያስችልም። የአይጧ ጭንቅላት በብረት ማቀፊያ ተይዞ አንጎሏ ውስጥ ሽቦ ሲቀበር ትተኛለች፤ የምትማረው ግን ነቅታ ነው። በፍርሃት ሙከራ ደግሞ ድምፅ ይሰማል፣ ወዲያው እግሯን ኤሌክትሪክ ይነዝራታል፤ በማግስቱ ድምፁን ብቻ ስትሰማ ባለችበት ደርቃ ትቀራለች። የተመዘገበው ውጤት ይኸው መድረቋ ነው። ሥቃዩ ምንም አሻራ ባይተውባት ኖሮ ጥናቱም ባልኖረ ነበር።

መድረቁ ስሜት አልባ ምላሽ ሊሆን ይችላል የሚል ይኖራል። ጆሴፍ ለዱ ራሱ፣ ፍርሃትን በማጥናት የታወቀው ሊቅ፣ የአካልን ምላሽና በንቃት የሚሰማን ፍርሃት አትቀላቅሉ ይላል። ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በ2000 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የሚያነክሱ ዶሮዎች ከጤነኞቹ ይልቅ የሕመም ማስታገሻ የተቀላቀለበትን መኖ አብዝተው መርጠዋል። ይህን የአካል ምላሽ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል። አይጧ ሕመሙን ከረሳችው ምን ጎዳት የሚለው መከራከሪያ ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኩራሬ የተባለ መርዝ እንስሳውን ሽባ እያደረገ ሙከራውን ጸጥ ያለ ያስመስለው ነበር፤ ሕመሙን ግን አያጠፋም። የእንግሊዝ ሕግ በ1876 እ.ኤ.አ. ኩራሬ እንደ ማደንዘዣ አይቆጠርም ብሎ ደነገገ። መጮህ አለመቻል ሕመምን ካልሰረዘ፣ በኋላ መርሳትም ሊሰርዘው አይችልም፤ ሕመሙ በሰዓቱ ተሰምቷልና።

እግዚአብሔር ለሰው በእንስሳት ላይ ሥልጣን ሰጥቶ የለም ወይ ቢባል፣ ሰጥቷል። ያው ሥልጣን ሰጪ ግን በሰንበት ሕጉ በሬና አህያም እንዲያርፉ አዟል፤ ገበሬያችንም በሰንበት በሬ አይጠምድም። ሥልጣኑ የእንስሳውን ድካም ከሚያውቅ ኃላፊነት ጋር የተሰጠ ነው። የሚጥል በሽታንና የመርሳት በሽታን ለማከም የሚደረግ ጥናት እንዲቆም አልጠይቅም፤ የታመመ ሰው ሥቃይም ሥቃይ ነው። ተመራማሪዎቹ ረስልና በርች በ1959 እ.ኤ.አ. እንዳሳሰቡት እንስሳውን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ ሥቃዩን ማቅለል ግን ግዴታ ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴም የማደንዘዣውን ስምና መጠን ብቻ አይቶ መፈረም የለበትም። እንስሳዋ ከነቃች በኋላ በሚቀጥሉት ሰዓታት ማስታገሻ ማን እንደሚሰጣት፣ ከገንዳው ስትወጣ ማን አድርቆ እንደሚያሞቃት፣ ንዝረቱ ከታቀደው ባነሰ መጠን ይበቃ እንደሆነ ይጠይቅ።