ሥራን የፈታና ሥራ የፈታው

«ሥራ ያጣ መነኵሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለማሾፍ ነው፤ ሰሚውም ስቆ ያልፈዋል። ነገር ግን ረጋ ብሎ ለመረመረው ሰው ከሰሙ ሥር ወርቅ አለበት። ተረቱ መነኵሴውን ሥራ ያጣ ይለዋል እንጂ ሥራ የጠላ አይለውም። እጁ ያለ ሥራ መቀመጥን እንቢ ስላለው የሚሰፋው ቢያጣ የገዛ ቆቡን ቀደደ። እንግዲህ ቆቡን ያስቀደደው ስንፍና አይደለም፤ የሥራ ረኃብ ነው።

በአማርኛ ቋንቋ ለዚህ ነገር ሁለት ስሞች አሉ፤ እነርሱም ሥራ ፈትና ሥራ አጥ ናቸው። ሥራ ፈት ማለት እንደ ቃሉ አወጣጥ ሥራን የፈታ፥ ባል ሚስቱን እንደሚፈታ በገዛ ፈቃዱ ከሥራው የተለየ ማለት ነው። ሥራ አጥ ግን ፈልጎ ያላገኘ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ደግሞ ስም ያልወጣለት ሦስተኛ ሰው አለ፤ እርሱም ሥራን ያልፈታ፥ ሥራ ግን የፈታው ሰው ነው። ከአባቱና ከአያቱ የወረሰው ሥራ እስከ ትናንት በእጁ ነበረ፤ ዛሬ እርሱ ከቤቱ ሳይነሣ ሥራው ከአገሩ ወጥቶ ሄደ። ይህ ነገር በአንድ ሰው ላይ ሲደርስ የዚያ ሰው መከራ ነው፤ በአንድ መንደር ሁሉ ላይ ሲደርስ ግን ጥያቄ ይሆናል። በደሉ የማን ነው? ሰው ሥራን ተከትሎ ይሂድ ወይስ ሥራ ወደ ሰው ይምጣ? ጥያቄው በደሴትና በሩቅ ባላገር ይጸናል፤ በከተማ አንዱ ደጅ ቢዘጋ ሌላውን ማንኳኳት ይቻላልና፤ ደሴት ግን ብዙ ጊዜ ያላት አንድ ደጅ ብቻ ነው።

ለዚህ ነገር የኒውፋውንድላንድ ታሪክ ግልጥ ምስክር ነው። ኒውፋውንድላንድ በካናዳ ምሥራቅ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ያለች ታላቅ ደሴት ናት። ጆን ካቦት የተባለው መርከበኛ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1497 ዓመት ወደዚያ ባሕር ከደረሰ ወዲህ ኮድ የሚባለው ዓሣ ብዛት በአውሮፓ ተሰማ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ከጊዜ በኋላም ሰዎች እየመጡ ባሕሩ ወደ ምድር በገባበት ሁሉ ትናንሽ መንደሮች ሠሩ። መንደሮቹ የተመሠረቱት መሬቱ ለእርሻ ለምለም ስለ ሆነ ወይም ገበያ ስለ ቀረበ አይደለም፤ ዓሣው ቅርብ ስለ ነበረ ነው። አፈሩ ስስ ነበረ፤ ብርዱና በረዶው የጸና ነበረ፤ ብዙዎቹም መንደሮች በጀልባ ካልሆነ በቀር የማይደረስባቸው ነበሩ። አጥማጁ ጨውና ዱቄት፥ መረብም ሳይቀር ከነጋዴው በዱቤ ይወስዳል፤ በመክፈያው ጊዜም በደረቅ ዓሣ ይከፍላል። የዓሣ ዋጋ በወደቀ ጊዜ ተርበዋል፤ ባለጠጎችም ከቶ አልነበሩም፤ ነገር ግን ሁሉም የእጁን ሥራ ያውቅ ነበር፤ ልጅም ከአባቱ ይማር ነበር።

ደሴቲቱ በ1949 የካናዳ ክፍል በሆነች ጊዜ ሹማምንቱ ትምህርት ቤትና ሐኪም፥ መብራትና ጥርጊያ መንገድ ለሕዝቡ ሊያደርሱ አሰቡ። አሳባቸው መልካም ነበረ፤ ዳሩ ግን ይህን ሁሉ ለተበተኑት መንደሮች ማድረስ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆነ። ስለዚህ ከ1954 እስከ 1975 ድረስ ሦስት መቶ ያህል መንደሮች ተለቀቁ፤ 30,000 ያህል ሰዎችም የመነሻ ገንዘብ እየተሰጣቸው ወደ ሌላ መንደር ሄዱ። አንዳንዶቹ የእንጨት ቤታቸውን ከመሠረቱ ነቅለው በባሕር ላይ እያንሳፈፉ በጀልባ ጎተቱት። ቤቱ ደረሰ፤ ሥራው ግን ብዙ ጊዜ አልደረሰም፤ በሄዱበት ስፍራ መልካሙን የማጥመጃ ቦታ ነባሩ ሰው አስቀድሞ ይዞት ነበርና። ለመነሣት የመንደሩ ሰዎች ስምምነት ይጠየቅ ነበር። በመጀመሪያ ሁሉም እንዲስማሙ ተባለ፤ ከ1965 ወዲህ ከመቶ 90 ይበቃል ተባለ፤ ቆይቶም ከመቶ 80 ሆነ። ቁጥሩ ሲቀንስ እንቢ ያለው ሰው ድምፅም አብሮ እንደ ቀነሰ ልብ ማለት ይገባል። ደግሞም መምህሩና ነጋዴው አስቀድመው ከሄዱ በኋላ የቀረው ሰው እሺ ቢል እሺታው የልቡ ነው ወይስ የብቸኝነቱ? ይህን በቁጥር መመዘን አይቻልም።

ሁለተኛው ፈተና ከባሕሩ ራሱ መጣ። ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ያጠመዱትን በዚያው በባሕር ላይ አጽድተው በበረዶ የሚያደርቁ፥ ፋብሪካ የመሰሉ ታላላቅ መርከቦች ከብዙ አገሮች መጡ። በ1968 ብቻ ከሰሜኑ የኮድ ዓሣ 800,000 ቶን ያህል ወጣ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እንደ ተባለው የባሕሩን ወለል የሚጠርገው መረብ ለኋላ የሚሆነውን መከራ አብሮ ይጎትት ነበር። በ1977 ካናዳ ወሰኗን እስከ 200 የባሕር ማይል አስፍታ እንግዶቹን መርከቦች አስወጣች። ነገር ግን እንግዳው በወጣበት ስፍራ የባለቤቱ ታላቅ መርከብ ገባ። በ1980ዎቹ በትናንሽ ጀልባዎች በዳር የሚያጠምዱት ሰዎች ዓሣው እያነሰ፥ መጠኑም እያጠረ እንደ ሄደ ተናገሩ፤ ጮኹም። ሊቃውንቱ ግን ታላላቆቹ መርከቦች የሚያወጡትንም እየመዘኑ ስለ ቈጠሩ ዓሣው ካለው ይልቅ ብዙ መሰላቸው፤ ሹማምንቱም ከሁለቱ ቃል ደስ የሚያሰኘውን መረጡ። በመጨረሻ በሐምሌ ወር በ1992 የዓሣ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ክሮዝቢ የሰሜኑ ኮድ ለሁለት ዓመት እንዳይጠመድ አዘዘ። በዚህ ትእዛዝ 30,000 ያህል ሰዎች ከሥራቸው ወጡ። ሁለቱ ዓመት የተባለውም እስከ 2024 ድረስ ተራዘመ።

መንግሥት ሕዝቡን አልረሳም፤ ድርጎ ቈረጠለት። ከዚያም አስቀድሞ ከ1957 ጀምሮ አጥማጆች በሥራ አጥነት መድን ተቈጥረው ነበር፤ በኋላ ዘመን ጥቂት ሳምንታት የሠራ ሰው ለቀረው የዓመቱ ክፍል ድርጎ ይቀበል ነበር። ስለዚህ በየመንደሩ ሳምንቱን ለመሙላት ብቻ የሚሠራ አጭር ሥራ በረከተ፤ ያልፈረሰ አጥር ይታደሳል፤ ቀለሙ ያልለቀቀ ግድግዳ ይቀባል። እነሆ፥ የመነኵሴው ቆብ በዚህ ስፍራ በእውነት ተቀደደ፤ ተሰፋም። በሩቅ ከተማ የተቀመጠውም ሰው ይህን ሰምቶ፦ እነዚያ ሰዎች ሥራ ፈቶች ናቸው፤ በእኛ ግብር ይኖራሉ፥ አለ።

ፍርዱ ግን ትክክል አልነበረም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው መልእክት ስለ ሥራና ስለ መብል የሰጠው ትእዛዝ መሥራትን ያልወደደውን ይገሥጻል እንጂ የሚሠራው የጠፋበትን አይነካም። በወይኑ ቦታ ምሳሌም እስከ አሥራ አንደኛው ሰዓት በአደባባይ የቆሙት ሰዎች በተጠየቁ ጊዜ የመለሱት የሚቀጥራቸው እንዳላገኙ ነው። ባለቤቱም ሰነፎች ብሎ አልሰደባቸውም፤ ሥራ ሰጣቸው፤ ደመወዛቸውንም አላጎደለም። እንግዲህ ከመፍረድ በፊት መለየት ያስፈልጋል፤ ይህ ሰው ሥራን የፈታ ነው ወይስ ሥራ የፈታው?

የሆነ ሆኖ የከተሜውም ክርክር ከንቱ አይደለምና በቅን ሊሰማ ይገባል። ግብር የሚከፍለው ሁሉ ባለጠጋ አይደለም። በከተማ ወለል እየጠረገች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ለጥቂት ቤተ ሰቦች ጀልባና መብራት እንዳይቋረጥ ከእንጀራዋ ትክፈል ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞም ተመልሶ በማይመጣ ዓሣ ተስፋ ወጣቱን በድርጎ አስሮ ማስቀመጥ ርኅራኄ መስሎ የሚታይ በደል ሊሆን ይችላል። ለሃምሳ አምስት ዓመት ሽማግሌ መጽናኛ የሆነው ገንዘብ ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የእግር ብረት ይሆናል።

ስለዚህ ነገሩ በሁለት ይመዘናል። አንደኛው፥ ሥራውን ያጠፋው ማን ነው? ተብሎ ይጠየቅ። አጥማጁ በትንሽ ጀልባ ለብዙ ዘመን ያልጨረሰውን ዓሣ ታላላቅ መርከቦች በአንድ ሰው ዕድሜ ጨረሱት፤ ለመርከቦቹም ፈቃድ የሰጠው፥ ማስጠንቀቂያውንም ሰምቶ ያላዳመጠው ሹም ነው። እንግዲህ ለአጥማጁ የሚሰጠው ዕዳ ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም፤ ዕዳውን የሚቀበል ሰውም ሊያፍር አይገባውም። ሁለተኛው፥ ባለቤቱ ተጠይቋልን? ይባል። መሄድም መቅረትም የሰው ክብር የሚሆነው ሰው ራሱ ሲመርጠው ነው።

ሀብት ቢመለስ ሥራ አብሮ ይመለሳል ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። ከኮዱ መጥፋት በኋላ በዚያ ባሕር ሸርጣንና ሽሪምፕ በዙ፤ ከእነርሱም የተገኘው ገንዘብ ቀድሞ ከዓሣው ይገኝ ከነበረው በለጠ። ነገር ግን የሚጠይቀው እጅ ጥቂት ነበረ። ባሕሩ በለጠገ፤ መንደሩ ባዶ ሆነ። በ1991 ከ568,000 በላይ የነበረው የጠቅላይ ግዛቱ ሕዝብ በ2001 ወደ 513,000 ወረደ፤ ወጣቶቹም ነዳጅ ወደሚወጣበት ወደ አልበርታና ወደ ሌላው የካናዳ ክፍል ሄዱ። የአንድ አገር ሀብት በመዝገብ ሲታይ እያደገ፥ በሰው እጅ ሲታይ ግን እየደረቀ ሊሄድ እንደሚችል ይህ ያስረዳል።

ሁለት ትናንሽ ደሴቶች የዚህን ነገር ሁለት ፍጻሜ ያሳያሉ። ሊትል ቤይ አይላንድስ በምትባለው ደሴት የሸርጣን ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ የቀሩት ሰዎች ስለ መነሣት ድምፅ ሰጡ። ሕጉ ከመቶ 90 ይጠይቅ ነበርና የመጀመሪያው ድምፅ ለጥቂት ብቻ ጎደለ፤ ጎረቤትና ጎረቤትም በአሳብ ተለያዩ። በ2019 ግን ሁሉም ተስማሙ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 31 ቀን መብራቱ ጠፋ፤ የመሻገሪያው ጀልባም ቀረ። ሄዱ፤ ግን መርጠው ሄዱ፤ ስለዚህ የሚያሳዝን ነው እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።

ሁለተኛይቱ ፎጎ ናት። በዚህች ደሴት ያሉት መንደሮች በሃይማኖት ክፍል ተለያይተው ብዙም የማይነጋገሩ ነበሩ፤ እንዲነሡም ታስቦላቸው ነበር። በ1967 የሲኒማ ሠራተኞች መጥተው የእያንዳንዱን መንደር ሰው ንግግር ቀረጹ፤ የአንዱንም ቃል ለሌላው፥ ቈይተውም ለሹማምንቱ አሳዩ። በዚያን ጊዜ ሁሉም ችግራቸው አንድ እንደ ሆነ ዐወቁ። ማኅበር አቁመው ጀልባ ሠሩ፤ ዓሣቸውንም በጋራ አሰናድተው ሸጡ፤ ከአገራቸውም አልወጡም። ኮዱ በጠፋ ጊዜም ማኅበሩ በሸርጣኑና በሌላው ዓሣ ቆመ። በ2013 ደግሞ ዚታ ኮብ የተባለችው የደሴቲቱ ተወላጅ ከወንድሞቿ ጋራ ባቆመችው የበጎ አድራጎት ድርጅት 29 ክፍል ያለው የእንግዳ ቤት ተከፈተ፤ ትርፉም ለደሴቲቱ እንዲውል ተደረገ። ወንበሩንና አልጋ ልብሱን የሠሩት የደሴቲቱ ሰዎች ናቸው፤ ጀልባ ያነጹ የነበሩ እጆች የቤት ዕቃ አነጹ። በእርግጥ ለእያንዳንዱ መንደር እንዲህ ያለ ቤት አይሠራም፤ እንግዳም በሁሉ አይመጣም። ነገር ግን በዚህ ስፍራ ቆብ አልተቀደደም፤ የጥንቱ ጥበብ አዲስ ጨርቅ ተሰጠው።

ይህ ታሪክ ከሩቅ ባሕር የመጣ ቢሆንም ፍርዱ ለቅርብም ያገለግላል። መሬቱ ለአያቱ ይበቃ የነበረ፥ ለአባቱና ለወንድሞቹ ሲከፋፈል ግን ለጥማድ በሬ መዞሪያ እንኳ ያነሰበት የባላገር ልጅ በከተማ መንገድ ዳር ቆሞ ይታያል። የሚያልፈውም ሰው ሥራ ፈት ብሎት ያልፋል። ልጁ ግን እርሻን አልፈታም፤ እርሻ ፈታው እንጂ።

በ2024 የካናዳ መንግሥት የሰሜኑን ኮድ ለንግድ ማጥመድ እንደ ገና ፈቀደ፤ የተፈቀደውም 18,000 ቶን ነው። በ1968 ከወጣው ጋራ ሲተያይ ከብዙ ጎተራ የተረፈ እፍኝ ይመስላል። መረቡን በ1992 በሠላሳ ዓመቱ የሰቀለ ሰው ዛሬ ስድሳ አልፎታል፤ ልጁም በሌላ አገር ሌላ ሥራ ይዟል። ዓሣው በዘገየ ቍጥር የሚያጠምደው እጅ እንደሚያልቅ ሥራን በገንዘብ ብቻ የሚቈጥር ሹም አላሰበውም ነበር። እንግዲህ ወደ ፊት ቆቡን ሲቀድ የተገኘውን ሰው ያየ ሁሉ ከመሳቁ በፊት መርፌው በእጁ እንዳለ ይመልከት፤ የጎደለው ጨርቁ ነውና።