ያልከፈልኩባቸው ፊልሞች

የምትወዳቸውን የአገር ቤት ፊልሞች ጥራ ብባል አላመነታም፦ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»፣ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት»፣ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»። ሦስቱንም ያየሁት እዚሁ አዳማ፣ ከሰፈር ሱቅ በፍላሽ አስጭኜ ነው። ብሩ የገባው ባለሱቁ ኪስ ነው፤ ለሠሪዎቹ ሳንቲም አልደረሳቸውም። አባቴ ስለ ደርግ ዘመን ያልነገረኝን የነገረኝ ግን «ጤዛ» ነው።

ያኔ ነውር አልመሰለኝም። ዛሬ የምኖረው ሶፍትዌር ሠርቼ ነው። አምና የጻፍኩትን ፕሮግራም ሰው ቀድቶ ሲሸጠው ሳይ ደሜ ፈላ፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አውጥቼ አነበብኩ። እያነበብኩ ፍላሹ ትዝ አለኝ።

«እንደዚያ ባላገኘው ኖሮ መቼም አላየውም ነበር» እላለሁ። እውነት ነው። ግን የኔን ፕሮግራም የገዛውም ሰው ይህንኑ ሊል ይችላል። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ተሸልሟል፤ ሽልማትም ሆነ የኔ ፍቅር ግን ብቻውን ቀጣዩን ፊልም አይሠራም። መውደድ ዕዳ አይሰርዝም።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ «ጤዛን ላክልኝ» አለኝ። ፋይሉ አሁንም ኮምፒውተሬ ላይ አለ። እስካሁን አልላክሁለትም፤ አላጠፋሁትምም።