ጎመን በጤና፣ ጨውስ?

«ጎመን በጤና» ሲባል ሰሚው ፍቺ አይጠይቅም፤ ሥጋና ቅቤው ይቅርብኝ፣ ጤናና ሰላም አይጉደልብኝ ማለት ነው። በእኛ አገር በጉንደ ወይን ይህ ቃል አብዝቶ የሚሰማው በክረምት ነው፤ ጎተራው ተሟጦ፣ አዲሱ እህል ገና ሳይደርስ፣ የጓሮ ጎመን ቤተሰብ በሚያሻግርበት ወቅት። ድሃን ሳያዋርድ የሚያጽናና አባባል ስለሆነ እወደዋለሁ። ባለፈው ዐቢይ ጾም ግን አክስቴ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ከተረቱ ጋር እየተሟገትኩ ነው።

አክስቴ ስልሳ ዓመት አልፏታል። ረቡዕና ዓርብን፣ የሁዳዴን 55 ቀን፣ የፍልሰታን 15 ቀን፣ የነቢያትንና የሐዋርያትን ጾም አስተካክላ የምትጾም ሴት ናት። ዓይኗን ለመታየት ጤና ጣቢያ ሄደን ባለሙያዋ ግፊቷን ብትለካው ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ። ራሷን አላመማት፣ አላዞራት፤ ምንም የተሰማት ነገር አልነበረም። ስንወጣ «ልጄ፣ ይኸ የሀብታም በሽታ አይደለም እንዴ? እኔ ከጎመንና ከሽሮ በቀር ምን በልቼ ያዘኝ?» አለችኝ።

ጥያቄዋ የዋዛ አይደለም። ጾሙን ሁሉ የሚጠብቅ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ይርቃል። ዛሬ በየአገሩ ሐኪሞች የልብ፣ የስኳርና የግፊት ሕመም እንዳይመጣ አትክልትና ጥራጥሬ አብዙ ይላሉ፤ እኛ ዘንድ ይህ ከጥንት የቆየ ሥርዓት ነው። ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለው አገር ደግሞ የጤፍ አገር ነው፤ የጤፍ ቅንጣት ደቃቃ ስለሆነች ከነሽፋኗ ትፈጫለች፣ ጥቅሟም አይባክንም። ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ተልባው ከደጃችን ነው። እንግዲህ ጎመን ብቻውን ጤና የሚያመጣ ቢሆን ከአክስቴ የሚቀድም ማን ነበር?

መልሱን ፍለጋ በአንድ የጾም ቀን የምትቀምሰውን ሁሉ አንድ በአንድ አሰብኩት። በርበሬው ሲደለዝ ጨው ገብቶበታል። ሽሮው ሲሰናዳ ጨው ገብቶበታል። ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመርበታል። ዳቦው ጨው አለው፣ ንፍሮው ጨው አለው። በእኛ ገጠር ቡናውም ከአቦል እስከ በረካ በጨው ይጠጣል። እያንዳንዱ ቁንጥር ነው፤ ማታ ላይ ሲደመር ግን ሌላ ነገር ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የበለጠ ጨው እንዳይወስድ ይመክራል። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የጤና ዳሰሳ የኢትዮጵያውያን አማካይ የጨው መጠን 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል።

ይበልጥ የከነከነኝ ግን የዚያው ዳሰሳ ሌላ ውጤት ነው። ከመቶ ሰው ከ95 በላይ የሚሆነው በቀን የሚመከረውን አምስት ድርሻ አትክልትና ፍራፍሬ አይመገብም። ጎመንን በተረት የምናመሰግን ሕዝብ፣ ጎመኑን ግን አንበላም ማለት ነው! የአክስቴም መሶብ ይህንኑ ይመሰክራል። በጾም ዋናው እንጀራ በሽሮ ነው፤ ጎመን በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቅ ይላል፤ እሱም ተቀቅሎ ውኃው ተደፍቶ፣ ከዚያ የሚረጋው ዘይት በዝቶበት። በግፊቷ የተከሰሰው ጎመን ከገበታዋ ላይ የነበረው በስሙ ነው።

ተረቱ ግማሽ እውነት እንዳለው አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ በ412 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ አትክልትና ፍራፍሬ የበዛበት፣ ጮማውም የተቀነሰበት አመጋገብ ግፊትን ዝቅ አድርጓል። ጨው መቀነስም ብቻውን ዝቅ አድርጎታል። ትልቁ ለውጥ የታየው ሁለቱ ሲገናኙ ነበር። ጎመን ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሰውነት ጨውን እንዲያስወጣ ያግዛል፤ ጨው እየጨመሩበት የሚበሉት ጎመን ግን ሥራው ይበዛበታል።

ከመሬት የበቀለ ሁሉ በራሱ ጤና እንዳልሆነ የእኛ ገበሬ ከሐኪም ቀድሞ ያውቃል። ጓያ ድርቅ የሚችል ጥራጥሬ ነው፤ እህል ሲጠፋ ለወራት እሱን ብቻ የሚበላ ሰው ግን እግሩ ይሽመደመዳል። ደንቢያና ፎገራ ይህን በብዙ ሰው እግር ከፍለውበታል። ስለዚህ አዋቂዎቹ ጓያውን ዘፍዝፈው ውኃውን ይደፋሉ፣ ከሌላ እህል ጋር ይቀላቅላሉ። ጎመን እንደ ጓያ አይጎዳም፤ ሁለቱንም የሚገዛው ጥበብ ግን አንድ ነው፤ ምን እንደሚበላ ብቻ ሳይሆን ከምን ጋር፣ ምን ያህል፣ እንዴት ተሠርቶ እንደሚበላ ማወቅ።

ከተረቱ ጋር የምጣላበት ዋና ምክንያት እዚህ ላይ ነው። «ጎመን በጤና» ጎመኑን የመጨረሻው አማራጭ፣ ጤናውን ደግሞ ከእግዜር የሚጠበቅ ስጦታ ያደርገዋል። ስለ ጎመኑ ይህን ሲሰማ ያደገ ልጅ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ገብቶ ኪሱ ሲሞላ አስቀድሞ የሚጥለው ጎመንን ነው፤ ከድህነት የወጣ የሚመስለው ጥሬ ሥጋና ለስላሳ መጠጥ ፊቱ ሲቀርብ ነውና። ቀድሞ እርሻ ወርዶ፣ ገበያ በእግሩ ደርሶ ይመለስ የነበረው ሰውነት አሁን ከባጃጅ ወርዶ ወንበር ላይ ይውላል። ጤናው ደግሞ በአባባሉ የተነሣ ያለን ይመስለናል፤ ሕመም እስካልተሰማን ድረስ ጤነኛ ነን ብለን እናድራለን። ግፊት ግን ሳይሰማ ነው ኩላሊትና ልብ የሚጎዳው፣ ስትሮክም የሚያመጣው። ስለዚህ ጤና ያለ መለኪያ አይታወቅም።

አክስቴ የታዘዘላትን ኪኒን ትውጣለች፣ ቀጠሮዋንም አታሳልፍም። ከገበታዋ መጀመሪያ የቀነሰችው የቡናውን ጨው ነው፤ ከዚያ የሽሮውን። ጾሟን አልነካንባትም፤ ጎመኑ ግን አሁን በየቀኑ ይቀርባል፣ ውኃውም አይደፋም።

ተረቱን መጣል አልፈልግም፤ «ጎመን ይብዛ፣ ጨው ይነስ፣ ግፊት ይለካ» ተብሎ ቢታረም ግን ደስ ይለኛል። ከዚያም የክረምት ማጽናኛ ብቻ ሆኖ አይቅር። ጎተራው በሞላበት በጥር፣ ዶሮው በተሠራበት በፋሲካም ይባል፤ ጎመኑም በዚያው ገበታ ከዶሮው ጎን ይቀመጥ። ልጆቻችን ሀብታም ሲሆኑ የማይተዉት ምግብ የሚሆነው በደስታችን ቀንም ስንበላው ካዩ ነው።