«እጄ አይጣፍጥም»

በአማርኛችን ጥሩ ወጥ ለሠራች፣ ጥሩ ዳቦ ለጋገረች ሴት የምንሰጠው ማዕረግ «ባለሙያ» የሚል ነው። ሐኪሙም ባለሙያ ነው፣ መሐንዲሱም ባለሙያ ነው። «እሷ እኮ ባለሙያ ናት» ከተባለና የምን ሙያ እንደሆነ ካልተነገረ ግን ነገሩ የማጀት መሆኑ ለሰሚው ሁሉ ይገባዋል። ይህን ማዕረግ ያላገኘ ሰው ደግሞ በራሱ ላይ የሚፈርደው ፍርድ አለ፤ «እኔ እጄ አይጣፍጥም» ይላል። እስቲ ልብ በሉልኝ! «አልተማርኩም» አላለም። «አልሞከርኩም»ም አላለም። ጥፋቱን በእጁ ላይ፣ ማለትም በአፈጣጠሩ ላይ አላከከው። አፈጣጠር ደግሞ ይግባኝ የለውም፤ ፋይሉ በዚሁ ይዘጋል።

የአንድ ጎልማሳ ምሳ ጉዳይ ቢሆን ፋይሉን ዘግቶ ሆቴል መሄድ ይቻላል። ችግር የሚመጣው ቤት ውስጥ ልጅ ሲኖር ነው።

አንድ ወዳጄ ያጫወተኝን ላውጋችሁ። ቀኑ ነሐሴ 12፣ የቡሄ ዋዜማ ነው። የስድስት ዓመት ልጁ «አባዬ፣ ሙልሙል እንጋግር» ትለዋለች። እናትየው ሥራ ላይ ናት። «እኔ ዳቦ መጋገር አልችልም፤ ሄደን እንግዛ» ይላታል። ልጅቱ ትንሽ አሰብ አድርጋ «እኔም አልችልም። እኩል ነን!» አለችው። ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነው። ዳቦ ቤት ሄደው ገዝተው ተመለሱ። እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ ነገር ግን ከሳቁ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀኝ አለ። ወላጅ ለልጁ ማስተማር ያለበት የሚያውቀውን ብቻ ነው? ወይስ የማያውቀውን ነገር ከልጁ ጋር አብሮ መጀመርም የወላጅነት ግዴታው ነው?

የቆየው መልስ ግልጽ ነው። አስተማሪ ማወቅ አለበት። የወላጅ ክብር የቆመው ልጁ «አባቴ ሁሉን ያውቃል» ብሎ በማመኑ ላይ ነው፤ እሱ ከተነካ ቤቱ ይናጋል። «ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» የተባለው በከንቱ አይደለም። በዚህ ላይ «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለው አለላችሁ። ይህ አባባል አባትን ከማጀት ነፃ ሲያወጣ እናትን እዚያው ይቆልፍባታል። ዳቦ መጋገር የማይችል አባት ይሳቅለታል፣ የማትችል እናት ግን ይሳቅባታል። ስለዚህ እጇን የምትጠራጠር እናት ከልጇ ጋር ሊጥ ከማቡካት ይልቅ ልጁን ከማጀት ማባረር ይቀላታል። «ሂድ ውጣ፣ ታቆሽሻለህ!» የምንለው ሁልጊዜ ለንጽሕና ብለን አይደለም። ምስክር እንዳይኖርብን ነው።

እኔ ግን ነገሩን ከልጁ በኩል እንየው እላለሁ። ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚኖረው ባለማወቅ ውስጥ ነው። ጫማ ማሰር፣ ፊደል መለየት፣ ውኃ ሳያፈስ መቅዳት፣ ሁሉም ለእሱ አዲስ ነው። ዙሪያውን ሲመለከት ግን የሚያየው ሁሉን የጨረሱ አዋቂዎችን ብቻ ነው። ሲጀምሩ አላያቸውም። ታዲያ ጀማሪ መሆንን፣ ተበላሽቶብኝ እንደገና መሞከርን ከማን ይማር? አሪስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፉ ካስተማራቸው ቁም ነገሮች አንዱ፣ ሰው ሠርቶ ማወቅ ያለበትን ነገር የሚማረው ያንኑ በመሥራት ነው የሚል ነው። ቤት ሠሪ የሚሆነው ቤት እየሠራ ነው። እንግዲህ ባለሙያም የሚሆነው ሙያ የሌለው እጁን ሊጥ ውስጥ እየነከረ መሆኑ ነው።

የዳቦ ታሪክም ራሱ ለዚህ ይመሰክራል። መቦካት የሕያዋን ጥቃቅን ፍጥረታት ሥራ መሆኑን ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ማስረዳት የጀመረው በ1857 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ለሺህ ዓመታት እናቶች ሊጡ ለምን እንደሚነሳ ሳያውቁ ጋግረው ቤተሰብ አሳድገዋል። ሁሉን ካላወቅኩ አልጀምርም ብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዳቦ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር።

«እጄ አይጣፍጥም» የሚለው ፍርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሐሰት የተሰጠ ነው። አንዲት እናት ከውጭ የመጣ የኬክ መጽሐፍ ታገኛለች። ልክ እንደተጻፈው ለክታ፣ ልክ በተባለው ሙቀት ትጋግራለች። ኬኩ መጀመሪያ ይኮፈሳል፤ ከዚያ መሐሉ ዘጭ ይላል። «አልኩ እኮ፣ እጄ ነው!» ትላለች። እጇ ምንም አላደረገም። መጽሐፉ የተጻፈው በአብዛኛው ለባሕር ጠረፍ ቅርብ ለሆነ አገር ነው፤ እሷ ያለችው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። እዚህ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውኃ እንኳ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሊጡ ውስጥ ያለው አየርም ቶሎ ያብጣል፤ ኬኩ ሳይጠና ይነሳና ይወድቃል። መፍትሔው የቤኪንግ ፓውደሩን መጠን መቀነስና ፈሳሹን ትንሽ መጨመር ነው። «ለምን ወደቀ?» ብላ የጠየቀች መልሱን ታገኛለች። በእጇ የፈረደች ግን አትጠይቅም። ልጁ አጠገቧ ቆሞ ከሆነ ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ተምሮ ይሄዳል።

ከበድ ያለ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። እህል ክቡር ነው። የወደቀ ቁራሽ አንስተን በምንስምበት አገር፣ 1977ን ያየ ሰው በሕይወት እያለ፣ ዱቄት የልጅ መጫወቻ ይሁን ማለት ነውር ነው የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። መልሴ ከማይባክነው ይጀመር የሚል ነው። ቂጣ ዱቄት፣ ውኃና ጨው ብቻ ነው። ወፈረ፣ ደረቀ፣ ተሰባበረ? በበርበሬና በቅቤ ይታሸና ጨጨብሳ ይሆናል። የተበላሸ ቂጣ ቁርስ ነው! ቀጥሎ ሙልሙል ይመጣል። የፍልሰታ ጾም ውስጥ የሚጋገር ስለሆነ ወተትም እንቁላልም አይጠይቅም። ሦስት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። ልጅ ይቀዳል፣ ያሻል፣ በመዳፉ ያድቦለቡላል። እሳቱ የወላጅ ነው፤ በዚህ ድርድር የለም። ሊጡ እስኪነሳ መጠበቅ ደግሞ የሁለቱም ነው። ትዕግሥትን በቃል ከማስተማር ይልቅ ሊጥ ፊት አብሮ መቀመጥ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ማስመሰል አይኑር። ሳያውቅ የሚያውቅ መስሎ፣ ሲበላሽ «ዱቄቱ ነው፣ ምድጃው ነው» የሚል ወላጅ ልጁን የሚያስተምረው ማላከክን ነው። ዳቦው ቢያምር እንኳ ትምህርቱ ተበላሽቷል። በሌላ በኩል «እኔ እኮ ምንም አይሆንልኝም» እያለ የሚያለቅስም ያው ነው፤ ልጁ ተስፋ መቁረጥን ይወርሳል። በ«አላውቅም» እና በ«አልችልም» መካከል ትልቅ ገደል አለ። «አላውቅም» ስለ ዛሬ የሚነገር እውነት ነው። «አልችልም» ግን ስለ ዕድሜ ልክ የሚሰጥ ፍርድ ነው። ለልጅ የመጀመሪያውን መናገር ሐቀኝነት ነው፤ ክብር አይቀንስም። እንዲያውም ልጁ ነገ ትምህርት ቤት «አልገባኝም» ብሎ እጁን እንዲያወጣ ድፍረት ይሰጠዋል።

ዛሬ በከተማው «ሆያ ሆዬ» ብለው ለሚመጡ ልጆች የምንዘረጋው ሙልሙል ሳይሆን ብር ነው። ብር ሰጪውን አልወቅስም፤ ጊዜው ነው፣ ኑሮው ነው። ነገር ግን ቤት ውስጥ የተጋገረ ጠማማ ሙልሙል አንድ ሰው ለአንድ ልጅ ብሎ ሳያውቅ የተነሳበትን ሰዓት ይዞ ይወጣል። ይህን ብር አይተካውም። «ሙያ በልብ ነው» ሲባል ብዙዎቻችን የምንረዳው ችሎታህን አታውራ፣ ደብቀህ ያዝ በሚል ነው። በቋንቋችን ልብ ማለት ግን ድፍረትም ነው። ልብ ያለው ወላጅ ጎበዝ ጋጋሪ መሆን የለበትም፤ «እኔም አላውቅም፣ ና እንሞክር» ማለት ከቻለ በቂ ነው። ዳቦው ቢያርም ያረረው ተፍቆ ይበላል።

ቸር እንሰንብት።