ለዘማች የጸለየ የዘማችን ደጅ ያንኳኳ

አባወራውን ወይም ልጁን ለግዳጅ የሸኘ ቤት በአሰላ ሰፈሮችም ሆነ ከጭላሎ ግርጌ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች ፈልጎ ማግኘት አያስቸግርም። እናቲቱን መንገድ ላይ ስናገኛት «ፈጣሪ በሰላም ይመልሰው» እንላለን፤ እሷም «አሜን» ብላ ታልፋለች። ምርቃቱ መልካም ነው፤ ማንም አይተወው። የምመክረው ጸሎታችን መንገድ ላይ እንዳይቀር፣ እስከ ቤቷ ድረስ እንዲሸኛት ነው።

ለዘማች መጸለይ የቆየ ወጋችን ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ነበር፤ ካህናቱም ከተዋጊው አልተለዩም። በአርሲ ደግሞ የኦሮሞ እናቶች በአቴቴ የልመና ሥርዓት ሲንቄ የምትባለውን በትራቸውን ይዘው ወጥተው ዋቃን፣ ፈጣሪን፣ ይለምናሉ። ያችው ሲንቄ በሚጣሉ ሰዎች መካከል ስትገባ ጠቡ ይበርዳል። የምትለምነውም፣ መካከል የምትገባውም ያችው እጅ ናት። በቤተ ክርስቲያን ምህላ የምንቆም፣ በመስጊድ ዱዓ የምናደርግ፣ በጸሎት ቤት የምንማልድ ሁሉ ከእነዚህ እናቶች ብንማር አናፍርም።

እንግዲህ ስንጸልይ በስም እንጸልይ። እናቱን «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ለጸሎቱ ስም ያገኛል፤ ለእሷም ልጇን የሚያስብላት ሰው እንዳለ ይነግራታል። ፈቃዷን ግን አስቀድመን እንጠይቅ። ልጇ ወታደር መሆኑ እንዲወራ የማትፈልግ እናት አለች፤ በዚህ ዘመን ስጋቷ ከንቱ አይደለም። ያለበትን ቦታና የክፍሉን ስም በድምፅ ማጉያ ማወጅ ወይም ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ልጁን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ከወሬም እንጹም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት፣ ስልክ በተቋረጠባቸው ወራት ብዙ ቤተሰብ በጭምጭምታ ኖሯል። የወታደርን ሚስት በየማለዳው «ድምፁን ሰማሽ?» ማለት የተጨነቀን ማስጨነቅ ነው። የወደቁ ሰዎችን ፎቶ በቴሌግራም ማስተላለፍማ ከዚያም ይብሳል። መርዶ በባህላችን ሥርዓት አለው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ በር ተንኳኩቶ ነው የሚነገረው። እናት የልጇን ሞት ከስልክ እንዳታነብ እኛ ጣታችንን እንሰብስብ።

እጃችንን ደግሞ እንዘርጋ። በኅዳርና በታኅሣሥ ስንዴው ሲደርስ ሁሉም ኮምባይነር ይሻማል። ብቻዋን የቀረች፣ ከደላላ ጋር መከራከር የማትችል ሴት ወረፋዋ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ሰብሏን ሊያበላሸው ይችላል። ጎረቤት ማሳዋን ከራሱ ማሳ ጋር በአንድ ወረፋ ቢያስጨርስላት ትልቅ ምጽዋት ነው። ዕድሩም ባሏ ድንኳን ሊተክል አልመጣም ብሎ አይቅጣት፤ በጠቅላላ ጉባኤ ይወሰንና የዘማች ቤት ከጉልበት ሥራ ነጻ ይሁን። መምህር የሆነ ቅዳሜ ልጆቿን ያስጠናላት።

«ጦርነቱን ሳልደግፍ ለወታደሩ እንዴት እጸልያለሁ?» የሚል አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለአንድ ሰው ነፍስ የለመነ ግን ውጊያውን አጸደቀ አይባልም። በሰላም እንዲመለስ፣ በንጹሕ ሰው ላይ እጁን እንዳያነሳ፣ በማዶ ያለችውም እናት ልጇን እንድታገኝ፣ ጠቡም በንግግር እንዲያልቅ እንለምን። የሰሜኑም ጦርነት ቢሆን በመጨረሻ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ በጠረጴዛ ዙሪያ ነው ስምምነት የተፈረመበት። ለሌላዋ እናት ልጅ ሞትን የሚመኝ ልመና፣ ምንም ያህል በእንባ ቢታጀብ፣ እርግማን ነው።

ወታደሩ ሲመለስም ጸሎቱ አይቋረጥ። «ስንት ገደልክ?» አንበለው። ሌሊት የሚባንን፣ ከሰው የሚሸሽ ከሆነ ጠበሉም ዱዓውም ሳይቀር ሐኪም ዘንድ እንውሰደው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። አካሉ ጎድሎ የመጣውንም ከንፈር ከመምጠጥ ይልቅ ሥራ እንፈልግለት።

ወገኖቼ፣ እያንዳንዳችን ከሰፈራችን አንድ የዘማች ቤት እንያዝ። ስሙን በጸሎታችን እናንሳ፤ በሳምንት አንድ ቀን ደጁን እናንኳኳ፤ የጎደለውን እንጠይቅ። የምንችለውን እናድርግ፤ የማንችለውን ለዕድሩ እንንገር።