ሠሪው የተወው ቀዳዳ

ያረጀ የእንጨት ወንበር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሸነፈው በመቀመጫው ነው። እግሩ ቀጥ ብሎ፣ መደገፊያውም ሳይናጋ፣ ሽመናው መሐሉ ላይ ይረግባል። ከዚያ አንዱ ልጥ ይበጠሳል፤ ጎረቤቱ ሸክሙን ተቀብሎ ጥቂት ይቆይና እሱም ይከተላል። ያየ ሁሉ «ይኼ ወንበር አበቃለት» ይላል። ሠሪው ግን ይህ ቀን እንደሚመጣ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር።

የቤት ዕቃ ሠሪው ሚካኤል ቶኔት እ.ኤ.አ. በ1859 ቪየና ውስጥ ያወጣውን 14 ቁጥር ወንበር እንውሰድ። አካሉ በእንፋሎት ለስልሶ የተቀለበሰ ቢች የሚባል እንጨት ነው። ክብ መቀመጫው የተሸመነው ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ደን በሚመጣው፣ ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ በሚያድገው በራታን ልጥ ነው። እንጨቱ ከመቶ ዓመት በላይ ይኖራል፤ ልጡ ያን ያህል አይዘልቅም። በእጅ በተሸመኑት ወንበሮች የመቀመጫው ዙሪያ በትናንሽ ቀዳዳዎች የተበሳ ስለሆነ ያለቀው ወጥቶ አዲስ ሊገባ ይችላል።

ጠጋኙ አሮጌውን ሽመና ቆርጦ ያወጣል፤ በየቀዳዳው የተሰነቀረውን ውታፍ ገፍቶ ይጥላል። ደረቅ ልጥ ሲታጠፍ ስለሚሰነጠቅ አዲሱን ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ከዚያ ከኋላ ወደ ፊት አንድ ረድፍ ይዘረጋል፤ በላዩ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሌላ፤ እንደገናም ከኋላ ወደ ፊት። እስከዚህ ድረስ ልጡ ተደራርቦ ተኛ እንጂ አልተያያዘም። አንዱ ሌላውን መያዝ የሚጀምረው በአራተኛው ረድፍ ነው። አምስተኛውና ስድስተኛው በሰያፍ ያልፋሉ፤ በመጨረሻ ጠርዙ ይከፈፋል። ሽመናው ሲደርቅ ይበልጥ ይወጠራል። ሥራው ከዓይን ይልቅ የጣት ነውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቦስተን ይገኝ የነበረውን ፐርኪንስን የመሳሰሉ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎቻቸው በሙያነት አስተምረውታል።

ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሻርል ፔጊ በዚህ ሙያ እንጀራ ያደገ ሰው ነው። አባቱ እሱ ገና ሕፃን ሳለ ሞቱ፤ እናቱ ኦርሌአን ከተማ ውስጥ የወንበር መቀመጫ በገለባ እየገመዱ አሳደጉት። እ.ኤ.አ. በ1913 «ገንዘብ» በሚል ርእስ ባወጣው ድርሰቱ የቀድሞ ዘመን ሠራተኞችን ያስታውሳል። የወንበር እንጨት በሚገባ የሚሠራው ለክፍያው ሳይሆን ለራሱ ለወንበሩ ሲባል እንደነበር፣ የማይታየው ክፍል ከሚታየው እኩል ጥንቃቄ ያገኝ እንደነበር ይናገራል። ካቴድራሎችም የተሠሩት በዚሁ መንፈስ ነበር ባይ ነው። መቀመጫ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ የማይታይ ሥራ ነው፤ በሚያገለግልበት ሰዓት ሰው ተቀምጦበት ይሸፈናል።

በእኛም ቤት የጠፍር አልጋ ነበረ። ጥሬ ቆዳ በረጅሙ ተተልትሎ እርጥብ ሳለ ይጠፈራል፤ ሲደርቅ ይከርራል። ሲረግብ ያጠብቁታል፣ ሲበጠስ ይለውጡታል፤ የአልጋው እንጨት ግን ከአያት ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

የጥንት አናጢዎች የወንበሩን መገጣጠሚያ የሚያጣብቁትም ከእንስሳ ቆዳ ተቀቅሎ በሚወጣ ሙጫ ነበር። ይህ ሙጫ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ይለቃል። የዛሬ ሰው ይህን እንደ ድክመት ሊያየው ይችላል። ሆኖም ጠንቃቃ ጠጋኞች ዛሬም የሚመርጡት ስለሚለቅ ነው፤ ሚስማር የተመታበት ወይም በማይላቀቅ ሙጫ የተያዘ እግር ሲናጋ የሚሰነጠቀው እንጨቱ ራሱ ነው።

እኛ ጠንካራ የምንለው የማይፈታውን ነው። አሮጌ ወንበር ዕድሜ ያገኘው ግን የትኛው ክፍሉ እንደሚያልቅ አስቀድሞ ስለታወቀለት፣ የሚያልቀውም ሲነሣ የሚኖረውን ይዞት እንዳይወድቅ ሆኖ ስለተሠራ ነው። ጥሩ ጠጋኝም የራሱ ሽመና ተራውን ጠብቆ እንደሚበጠስ ያውቃል፤ ውታፉን የሚመታው ሌላ እጅ ገፍቶ ሊያወጣው በሚችለው ልክ ነው። ቤት የሚሠራ፣ ማኅበር የሚያቋቁም፣ ደንብ የሚጽፍ ሁሉ ሥራው ዘላለም እንዲቆይ ይመኛል። ከምኞቱ በፊት ግን አንድ ነገር ራሱን ይጠይቅ፦ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ምንም ሳይሰብር ሊያድሰው ይችላል ወይ?